ታጥቦ የሚመለሰው ሳህን

አገራችን ውስጥ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚዋሽ የቆጠረ ሰው ያለ አይመስለኝም። ቢቆጠር ግን አንደኛ የምትወጣው ውሸት «በልቻለሁ» የምትለዋ እንደሆነች እወራረዳለሁ። ኃጢአት ተብላ ለንስሐ አባት አትነገር፣ ወንጀል ተብላ ፖሊስ ጣቢያ አታደርስ፤ እንዲያውም የጨዋ ልጅ መለያ ናት። ሆዳችሁ እየጮኸ ሰው ቤት ትገባላችሁ፣ «እንብላ» ትባላላችሁ፣ «አይ፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ትላላችሁ፣ «በሞቴ» እስክትባሉ ድረስ እጃችሁን አትታጠቡም። ሦስቴ እምቢ ማለት ሕግ ነው። አራተኛ ጊዜ የሚለምን ያልገጠመው ታዲያ በዚሁ ሕግ ጦሙን ያድራል። እኔ ደሴ ተወልጄ ስላደግሁ ይህን ሕግ ከእናቴ ጡት ጋር ነው የጠጣሁት። ቦንጋ ድረስ ይዤው መጥቼ ምን እንዳመጣብኝ ላጫውታችሁ። ተረት ነው ብትሉኝ አልቀየምም፤ እኔም የባዮሎጂ አስተማሪ ባልሆን ኖሮ ነገሩን ቶሎ አምኜ እገላገል ነበር።

ፋናዬ እባላለሁ። ቦንጋ ሳስተምር አራተኛ ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ደረጀ ሥራው ደሴ ነው፤ በሦስት ወር አንዴ በአውቶቡስ ተንገላትቶ ይመጣና አንዱን ቀን ሲተኛ፣ አንዱን ቀን ስለ መንገዱ ሲያማርር ቆይቶ ይመለሳል። ከተጋባን አምስት ዓመታችን ነው፤ ልጅ የለንም። አማቴ እሑድ እሑድ ይደውሉና ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ ከጠየቁኝ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሌላስ? አዲስ ነገር የለም?» ይሉኛል። የለም። እንዲያውም ከተነሣ ላይቀር፣ ይህ ነገር በጀመረበት በኅዳር ወር የወር አበባዬ ከቆመ ሰባት ወር ሆኖት ነበር። መጀመሪያ የቀረ ጊዜ አረገዝኩ ብዬ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ፤ ምርመራው «የለም» ሲል ደግሞ እንደገና አለቀስኩ። ልጅ እፈልግ ነበር። የሰው ሕፃን ሳይ ከመንገዴ ቆሜ እስኪርቅ ድረስ አየው ነበር።

ያኔ ምን እበላ እንደነበር ብትጠይቁኝ፣ የአብዬን ወደ እምዬ አትበሉኝና ጥፋተኛው ስልኬ ነው። ለሠርጌ ልክሳ ብዬ የጀመርኩት ነገር ሳይቋረጥ አምስት ዓመት ሞላው። ስልኬ ውስጥ ሦስት ሐኪሞች አሉኝ፤ ሐኪም ለመሆናቸው ማስረጃው ነጭ ጋውናቸው ነው፤ ነጭ ጋውንማ እኔም አለኝ። አንደኛው እንጀራና ዳቦ መርዝ ነው አለ፤ ተውኩ። ሁለተኛው ቅቤና ዘይት ደም ሥር ይደፍናል አለ፤ ተውኩ። ሦስተኛዋ እንቁላልና ሥጋ ኩላሊት ይጎዳል አለች፤ እሱንም ተውኩ። እርስ በርሳቸው አይስማሙም፤ እኔ ግን ሦስቱንም ታዘዝኩ። የተረፈኝ ጎመን ነበር። አራተኛ ሐኪም ብቅ ብሎ ስኳር ተዉ ሲል ግን እሱን ማየት አቆምኩ። ስለዚህ ጠዋት ጎመኔን በትንሽ ብረት ድስት ቀቅዬ፣ ከድኜ፣ ቤቴን ቆልፌ እወጣለሁ፤ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ስመለስ ስኳር በበዛበት ሻይ እያወራረድኩ እበላዋለሁ።

ክፍል ስገባ ደግሞ ሌላ ሰው ነኝ። ሰሌዳው ላይ ትልቅ ሳህን እስልና እከፍለዋለሁ። እዚህ ኃይል ሰጪው፣ እንጀራው፣ ቆጮው፣ ጎደሬው፤ እዚህ ገንቢው፣ ባቄላው፣ ዓሣው፣ እንቁላሉ፤ ቅባቱም ጠላት አይደለም፣ የሴትን ወር የሚያስቆጥሩት ሆርሞኖች የሚሠሩት ከቅባት ወገን ነው፤ አንዱ ሲጎድል ሌላው ብቻውን ሰውነትን አያቆምም እያልኩ ጠመኔዬን እጨርሳለሁ። አንድ ቀን ከደካ ገጠር የመጣች ትዕግሥት የምትባል ተማሪዬ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እርስዎ ከዚህ ውስጥ የትኛውን ይበላሉ?» አለችኝ። ለክፋት አልነበረም፤ ልጅቷ የምር ማወቅ ፈልጋ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እኔ ተምሬም ጠምጥሜም መብላት ቀርቶኝ ነበር። ዳስተሩን አንሥቼ ሳህኑን አጠፋሁት።

ያን ዓመት በመስከረም የተከራየሁት ከእትዬ አስካለ ግቢ ነው። እትዬ አስካለ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጃቸው ቢታ ገነት ከተማ አግብታ የሄደች፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው የቦንጋ ሴት ናቸው። የእኔ ክፍል ከግቢው ጀርባ ለብቻዋ ያለች ናት። ከእሷ በታች ተዳፋት ነው፤ ተዳፋቱ ሲያልቅ ጫካው ይጀምራል፤ ከጫካው ፊት ለፊት አንድ ሽቅብ ሲያዩት አንገት የሚያሳምም ቀረሮ ዛፍ አለ። እትዬ አስካለ በገባሁ ሰሞን ማታ ማታ በሬን አንኳኩተው «ቲቸር፣ ነይ ቅመሺ» ይሉኝ ነበር። «በልቻለሁ» እላለሁ። በማግስቱም መጡ፣ በሦስተኛውም መጡ፤ በልቻለሁ። በአራተኛው ቀን አልመጡም። ከዚያ በኋላ በግቢው ስንተላለፍ ፊቴን ትተው የእጄን አንጓ ያዩ ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። የቦንጋን ጉም የማታውቁ ካላችሁ፣ ከሰማይ የሚወርድ እንዳይመስላችሁ፤ ከጫካው ወጥቶ በእግሩ ተራምዶ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ዛፉን ያጠፋል፣ ቀጥሎ አጥሩን፣ ከዚያ መስኮታችሁ ጋ ይደርስና ይቆማል። ሐሙስ ጠዋት ክፍለ ጊዜ የለኝም፤ አንድ ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ጋቢ ደርቤ ፈተና አርማለሁ። ያን ሰሞን ፀሐይ ላይ ሆኜም ይበርደኛል፣ ትራሴ ላይ ፀጉሬን እየለቀምኩ ነው የምነሣው። ከመስኮቱ ውጪ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ የሴት ድምፅ ለስለስ ብሎ «በላሽ?» አለኝ። ቀና እንኳ ሳልል «በልቻለሁ» አልኩ። ልማድ ነው። ሲመጣም ሲሄድም የእግር ኮቴ አልሰማሁም። በስምንት ሰዓት እትዬ አስካለ ዘንቢላቸውን ይዘው በግቢው በር ገቡ። በማለዳ ሺሺንዳ ገበያ ሄደው መመለሳቸው ነበር። ጠዋት ግቢ ውስጥ ማን ነበር ብላቸው፣ ማንም አሉኝ። ቆሌዬ ተገፈፈ።

በሳምንቱ ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ድስቴ ከበደኝ። ጎመን እንዲህ አይከብድም። ክዳኑን ከፍቼ ጎመኑን በሹካ ገለጥ ባደርግ፣ ከሥር የተላጠ ቅቅል እንቁላል ቁጭ ብሏል። በሬ እንደተቆለፈ ነበር፤ ቁልፉም ከአንገቴ አልወረደም። በማግስቱ ቅቤ የነካው ባቄላ ተጨመረ። በሦስተኛው ቀን በቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ። ሌባ ሲወስድ አይቻለሁ፤ ሲያስቀምጥ ግን አላየሁም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ የእኔው እንግዳ አጥሩንም በሩንም ሳይነቀንቅ ነው የገባው። ድስቱን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩና እስኪመሽ አየሁት፤ አንድ ጉርሻ አልቀመስኩም።

ለማን ይነገራል? መምህራን ማረፊያ ውስጥ ለሒሳቡ መምህር ለታደሰ እንደ ቀልድ አድርጌ ነገርኩት። ታደሰ አያቱ ከሰሜን መጥተው የቀሩ፣ እሱ ግን ቦንጋ ተወልዶ ያደገ፣ የማይቀልድበት ነገር የሌለው ሰው ነው። ያን ቀን አልቀለደም። ከእኔ በፊት እዚያች ክፍል ውስጥ ሰናይት የምትባል ከጎጃም የተመደበች የቢሮ ሠራተኛ እንደነበረች፣ እየከሳች እየከሳች ሄዳ ወንድሟ መጥቶ እንደወሰዳት፣ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ መርዶዋ እንደመጣ ነገረኝ። ከዚያ ሻዩን እያማሰለ፣ ድሮ የአካባቢው ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር የጫካውን ቆሌ ድርሻ እንደሚያስቀምጡ፣ ሳይለምኑት የመጣን ነገር ደግሞ አለመብላትም አለመጣልም፣ ወደዚያው መመለስ ይሻላል ሲሉ እንደሰማ አጫወተኝ። እኔ የሳይንስ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለውን ሰምቼ እስቃለሁ። ሳቅሁም። በዚያው ቀን ከሰዓት ግን ከድስቱ የማላውቀውን ሁሉ ለይቼ በሳህን አድርጌ፣ ተዳፋቱን በእርጥብ ሣር እየተንሸራተትኩ ወርጄ ቀረሮው ሥር አስቀመጥኩት።

በማግስቱ ሳህኔን ልወስድ ስወርድ ባዶ ነበር። ባዶ መሆኑስ ደግ፣ ጫካ ነው፣ በላተኛ አይጠፋም። ሳህኑ ግን ታጥቧል። በእንሰት ቅጠል ላይ ተደፍቶ፣ ውሃው ገና አልደረቀም። ሴት ዕቃ አጥባ ለማጠንፈፍ እንደምትደፋው ነው የተደፋው። ከዛፉ ላይ ጉሬዛዎች ቁልቁል ያዩኛል። ሳህኑን በሁለት እጄ ይዤ፣ ጀርባዬን ለጫካው ላለመስጠት ወደ ኋላዬ እየተራመድኩ ተዳፋቱን ወጣሁ። ብታዩኝ በሳቃችሁ ትሞቱ ነበር፤ እኔ ግን እንባዬ ይወርድ ነበር።

እንዲህ እያልን ኅዳርን ጨርሰን ታኅሣሥን፣ ጥርን ተሻገርን። ድስቱ ይከብዳል፣ እኔ እወስዳለሁ፣ ሳህኑ ታጥቦ ይመለሳል። ጎመኑንም የማላውቀው እጅ ነክቶታል ብዬ ስለተጸየፍኩት ከእሱም ግማሹን ተውኩ፤ በሻይና በስኳር ቀረሁ። የሚገርመው ዐቢይ ጾም ሲገባ እንቁላሉም ቅቤውም ቀጥ አለ፤ በምትኩ ሹሮ፣ የኑግ ፍትፍት፣ አቮካዶ መምጣት ጀመረ። ጾም የሚይዝ መንፈስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም ያኔ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። የተራበ ጭንቅላት ግን አያስብም፤ ይፈራል፣ ይነጫነጫል፣ ከዚያ ይተኛል። ምግቡ ደግሞ በመጠን እየጨመረ ሄዶ ለአንድ ሰው የነበረው ለሁለት ሰው ሆነ።

አንዲት ቡናማ ውሻም መጣች። ጌታ የላትም፣ ከየት እንደመጣች የሚያውቅ የለም። ጉሙ ሲመጣ ከጉሙ ጋር ትመጣና ከደጃፌ ፊት ለፊት ተቀምጣ በሬን ታያለች። ደረጀ በጥምቀት ሰሞን ሲመጣ በሬን አላስነካ ብላ ጮኸችበት። «ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ምን ብታበያት ነው?» አለኝ። ምንም አላበላኋትም አልኩት፤ እውነቴን ነው የመሰለኝ። ደረጀ ሌሊቱን ሙሉ እጄን ይዞ ነበር፤ ሲነጋ «ፋናዬ፣ አጥንት ብቻ ነው እኮ የያዝኩት» አለኝና ፊቱን አዞረ። ከዚያ ደሴ ሄዶ በየቀኑ እየደወለ ሐኪም ቤት ሂጂ ሲለኝ ከረመ።

ሄድኩ። የተቀበለችኝ ነርስ ወፈር ያለች፣ ቀስ ብላ የምታወራ ሴት ናት። ምን ትበያለሽ አለችኝ፤ ሁሉንም አልኳት። ጥፍሬን አየች፣ የዓይኔን ሽፋን ገልጣ አየች፣ ደሜ ተወሰደ። ውጤቱ ሲመጣ የተበላሸ ነገር እንደሌለ ነገረችኝና ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። «የእኔ እህት፣ ሰውነትሽ ስንቅ የለውም። ለራሱ የሚበላው ያጣ ሰውነት ልጅን ያህል እንግዳ እንዴት ብሎ ይጥራ?» አለች። ቅባቱንም፣ ገንቢውንም፣ እህሉንም ሳትለይ በየቀኑ ብዪ፣ በሦስት ወር ውስጥ ወርሽ ካልመጣ ወደ ትልቅ ሆስፒታል እንልክሻለን ብላ ቀጠሮ ጻፈችልኝ። ለተማሪዎቼ የምለውን ቃል በቃል ነበር የነገረችኝ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው አይደል? እሺ ብያት ወጣሁ፤ ቤቴ ገብቼ ሻይ ጣድኩ።

ፋሲካ ካለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ፣ ያንኑ ሳህን ስስል ሰሌዳው አዘመመ። ስነቃ ወለሉ ላይ ነኝ፤ ጭንቅላቴ ትዕግሥት ጭን ላይ ነው፤ ልጅቷ ሙዝ ልጣ አፌ ውስጥ እየከተተች ታለቅሳለች። ወደ ቤትሽ ሂጂ ተባልኩ። ጋውኔን ሳላወልቅ፣ ግድግዳ ለግድግዳ እየተደገፍኩ መጣሁ። አራት ሰዓት ገደማ ነው፤ ጉሙ ግቢውን ሞልቶታል። በሬ ገርበብ ብሏል። ውስጥ ነጠላ የለበሰ ጀርባ ድስቴ ላይ አጎንብሶ በሹክሹክታ ያወራል።

በሩን ያዝኩ፣ በሩ ሲጢጥ አለ፣ ጀርባው ዞረ። እትዬ አስካለ ናቸው። የጠበቅሁት እፍረት ነበር፤ ፊታቸው ላይ ያየሁት ግን ፍርሃት ነው፣ ከእኔ የባሰ ፍርሃት። ማንኪያው ከእጃቸው ወደቀ።

«ሰናይት?» አሉኝ። «ሰናይትዬ፣ በላሽ?»

በነጩ ጋውን፣ በዚያ ጉም፣ በዚያ ፊቴ፣ ብዙም አልተሳሳቱም። እኔ ነኝ፣ ፋናዬ ነኝ እያልኩ ገብቼ አልጋው ላይ ወደቅሁ። እሳቸውም ከጎኔ ተቀምጠው አለቀሱ። ሰናይት ያን ሁሉ ጊዜ ማታ ማታ ሲጠሯት በልቻለሁ ትል እንደነበር ነገሩኝ። ሦስቴ ጠርተው ተዉ። ጨዋ ልጅ ናት፣ አላስቸግራት ብለው። ወንድሟ ሲወስዳት ከአልጋዋ ሥር የተገኘው የስኳር ጣሳ ብቻ ነበር። «ጨዋነቷን አምኜ ገደልኳት» አሉ። «አንቺ ያንኑ ቃል ይዘሽ ስትመጪ፣ ይቺንስ አላምናትም አልኩ። ትርፍ ቁልፍ ነበረኝ። አምስት ወር አበላሁሽ፤ ድስቱ ባዶውን ያድራል፣ አንቺ ትከሺያለሽ። የምትበላው አንቺ አይደለሽም፣ እሷ ናት ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ለሁለታችሁ የሚሆን ማድረግ ጀመርኩ።»

ምግቡ የት እንደሄደ ነገርኳቸው። አሳዪኝ አሉ። በእኔ ላይ እየተደገፉ፣ በየሁለት እርምጃው ጉልበታቸውን እየረገሙ ወረድን። ከቀረሮው ሥር ሥሩ ተፈልቅቆ ጎሬ የሠራበት ቦታ አለ፤ እኔ ከፊት በኩል አስቀምጬ ስለምሮጥ ዞሬ አላየሁትም ነበር። እዚያ ውስጥ ቡናማዋ ውሻ ተጋድማለች። ፀጉሯ ያብረቀርቃል፣ አንገቷ ተደላድሏል፤ ሆዷ ሥር ስድስት ቡችሎች ተደርድረው ይጠባሉ። እህሉን፣ ቅቤውን፣ እንቁላሉን፣ ባቄላውን፣ ሁሉንም በልክ በልክ አምስት ወር የበላችው እሷ ነበረች። ለእኔ የታሰበው ሁሉ እንደታሰበው ሠርቷል፤ የሠራው ውሻዋ ላይ ነው። እትዬ አስካለ በሳቅ ፈነዱ፤ እኔም ሳቅሁ። ስስቅ ቆይቼ ግን ስድስተኛዋን ቡችላ ሳይ ሳቄ ወደ ለቅሶ ዞረና እዚያው እርጥብ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ቀናሁ። ሰው ውሻ ላይ ሲቀና አይታችሁ ከሆነ እንጃ፤ እኔ ቀናሁ።

«ነይ እንብላ» አሉኝ እትዬ አስካለ።

«አልበላሁም» አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ብዬ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማዕዴ ከእሳቸው ጋር ነው። ስልኬ ውስጥ ያሉትን ሦስቱንም ሐኪሞች አሰናበትኩ። አንድ ነገር ግን ሆዴ ውስጥ ቀርቶ ነበርና አንድ ቀን ምሳ ላይ ጠየቅኋቸው፦ ሳህኑን የሚያጥቡልኝ እርስዎ ነዎት? የቱን ሳህን አሉኝ። እኔን ተደግፈው ከወረዱበት ቀን በቀር፣ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ተዳፋቱን ረግጠውት አያውቁም። ታደሰን ጠየቅሁት፤ ውሻ ይልሳል እንጂ አያጥብም ብሎ ቀለደብኝ። አንዷን ቡችላ እሱ ወስዶ «ፕሮቲን» ብሎ ሰይሟታል።

ሰኔ ሲገባ ወሬ መጣ። እቅጩን ልናገረው፦ ደም አየሁ፤ ከዓመት በኋላ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ፣ ነርሷ ጋ ሮጥኩ፣ ቀጥይ አለችኝ። አማቴ እሑድ ደውለው አዲስ ነገር የለም ሲሉኝ፣ አለ፣ ግን ለእርስዎ የሚነገር አይደለም አልኳቸው። ልጁ ገና ነው፤ ይምጣ አይምጣ የማውቀው ነገር የለም። ቢመጣ ግን አሁን ስንቅ አለ።

ለውሻዋ እስከ ዛሬ ድርሻዋን አወርዳለሁ፤ ሳህኑም እስከ ሐምሌ ድረስ ታጥቦ ይጠብቀኝ ነበር። በሐምሌ አንድ ሐሙስ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ እትዬ አስካለ ልጃቸውን ሊጠይቁ ቢታ ገነት በሄዱ ቀን፣ ዝናቡ አባርቶ ጉሙ እግሬ ሥር ሲደርስ ሳህኑን አስቀመጥኩ። ከኋላዬ ለስለስ ያለ የሴት ድምፅ «በላሽ?» አለኝ። ያው የኅዳሩ ድምፅ ነው። ጠዋት የበላሁትን አሰብኩት፦ ቆጮ፣ ቅቤ የነካው ጎመን፣ ባቄላ፣ አንድ እንቁላል። አልዞርኩም።

«በልቻለሁ» አልኩ። እውነቴን ነበር።

ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ሳህኑ ታጥቦ አያውቅም። ውሻዋ ልሳ ትተወዋለች፤ እኔው አምጥቼ አጥበዋለሁ።